ሰውየውን ማን አስገባው?

ኬኩን የቆረጠው ዳዊት ነው። ኬኩ የኔ የጡረታ ኬክ ነው፤ ቢላዋውን ግን አለቃ ስለሆነ እሱ ያዘው። ከዚያ አጨብጭቦ ቢሮውን ጸጥ አሰኘና ንግግር አደረገ። "ወይዘሮ ፈቲያ እዚህ ቢሮ በተርጓሚነት ባገለገሉበት ዘመን ሁሉ፣ ከራሳቸው አንድ ቃል ጨምረው አያውቁም" አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ሌላ ምን ላደርግ? ሐርጌሳ ኮድቡር ሰፈር ካለው ቤቴ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ያቺን ንግግር ደጋግሜ አሰብኳት። ስድብ ብትሆን ኖሮ እረሳት ነበር። ምስጋና መሆኗ ነው ያንገበገበኝ።

የጡረተኛ ትዝታ አብዛኛውን ጊዜ አለቆችን በማመስገን ይጀምራል። የኔ በንዴት ይጀምራል፤ አንባቢ ይህን ከወዲሁ ይወቅልኝ። ዳዊትንም እዚህ ላይ አቶ አልለውም፤ ቢሮ ውስጥ ብዬው ጨርሻለሁ።

የተወለድኩት ድሬዳዋ ነው። አባቴ የሐርጌሳ ሰው፣ እናቴ የሐረርጌ ኦሮሞ ነበሩ። ሶማሊኛና ኦሮምኛ ከቤት፣ አማርኛ ከትምህርት ቤት አገኘሁ። እናቴ አባቴን በስሙ ጠርታው አታውቅም። እሷ ባደገችበት አገር ሴት የባሏን ስም አፏ ላይ አታደርስም፤ ነውር ነው ብቻ ብል ያንሳል፣ ምላሷ አይታዘዛትም። "ሰውየው" ነበር የምትለው። "ሰውየው ምሳ በልቷል?" "ሰውየውን ዛሬ ራሱን አሞታል።" ትምህርት ቤት ልታስመዘግበኝ የሄድን ዕለት ጸሐፊው የአባት ስም ሲጠይቃት ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። እኔ ስሙን ተናገርኩ፣ እሷ ራሷን ነቀነቀች። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ሌላ ሰው ይናገርላታል፣ እሷ ታረጋግጣለች። ሰፈራችን ውስጥ ደግሞ አንዲት ሴት ነበረች፤ አንድ ቀን ቧንቧ ጋ ወረፋ ይዛ እያለች የባሏን ስም እንደ ማንም ሰው ስም ጠራች። እናቴ ባልዲዋን ይዛ ገብታ "ተፋተዋል" አለችን። ማንም የነገራት አልነበረም።

ዩኒቨርሲቲ አዲስ አበባ ገባሁና ቋንቋ ጥናት ደረሰኝ። እዚያ ነው ጋሽ ወርቁን ያገኘሁት። የሚያስተምሩን ሥነ ፍቺ ነበር፤ የንግግር ትርጉም እንደ ሒሳብ በሥርዓት እንዴት እንደሚሠራ የሚጠናበት ትምህርት። ተማሪው ይህን ኮርስ የሚፈራው በምልክቶቹ ብዛት ነው። ጋሽ ወርቁ ግን ከምልክቶቹ በፊት ቆርኪ ነበር የሚያስተምሩን። የኮታቸው ኪስ ሁልጊዜ በለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ የተሞላ ስለሆነ ሲራመዱ ይንኳኩ ነበር፤ መምጣታቸውን ከኮሪደሩ ጫፍ እንሰማለን።

"አንድ ሰው ገባ" ይሉና አንድ ቆርኪ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ። "ሰውየው ተቀመጠ" ይሉና ያንኑ ቆርኪ በጣታቸው ይነካሉ። "ሻይ አዘዘ" ሲሉም ጣታቸው እዚያው ነው። "አያችሁ" ይላሉ፣ "‘አንድ ሰው’ ማለት አዲስ ቆርኪ ማውጣት ነው። ‘ሰውየው’ ማለት የወጣውን መንካት ነው። ሰው ሲያወራ እናንተ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ጠረጴዛ ላይ ቆርኪ እየደረደረ ነው። አድማጭነት ማለት የቆርኪ ጥበቃ ነው።"

ሻይ ቤት ተቀምጠን ስናማ እንኳ አይለቁንም። አንዱ ድንገት "ያ ሰውየ እኮ" ብሎ ከጀመረ፣ ጋሽ ወርቁ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው "ማን አስገባው?" ይላሉ። ሰውየው ወደ ጨዋታው ሳይገባ እንዴት ሰውየው ሆነ ማለታቸው ነው። ይህቺ "ማን አስገባው?" በኋላ በተማሪው ዘንድ ቀልድ ሆና ቀረች፤ ለኔ ግን እንጀራዬ ሆነች።

ብርጭቆ የተጠቀሙበት ቀን ይበልጥ ትዝ ይለኛል። "ዛሬ ማንም እንግዳ አልመጣም" አሉና ቆርኪ አውጥተው ብርጭቆ ደፉበት። "አሁን ‘እንግዳው ደክሞታል’ ማለት እችላለሁ?" አሉ። አይቻልም፤ እንግዳ የሚባለው ከብርጭቆው ሥር ተደፍቶ ቀርቷል፣ ከዚያ አይወጣም። ቀጥለው "ግመል ያለው ሰው ሁሉ ያልባታል" አሉና ወደ እኔ ዞረው "ፈቲያ፣ አንቺ የግመል አገር ሰው ነሽ፤ ይህቺ የምትታለበው ግመል የት ነው ያለችው?" አሉኝ። አሰብኩ። የትም የለችም። ሆኖም ንግግሩ ውስጥ ትታለባለች። "ከብርጭቆው ሥር ናት" አልኳቸው፣ "እዚያው ገብታ እዚያው ትታለባለች፤ ነገሩ ሲያልቅ አብራ ታልቃለች።" ጋሽ ወርቁ ሳቁና አንድ ቆርኪ ሰጡኝ። ያን ቆርኪ እስካሁን አልጣልኩትም።

እኔም በተራዬ አንድ ነገር ሰጥቻቸዋለሁ። ሶማሊኛ "ሰውየው"ን በሁለት መንገድ እንደሚል ነገርኳቸው፤ እናቴም አባቴን እንዴት እንደምትጠራው አጫወትኳቸው። "ኒንካ" ሲባል ይኸው ያለው ሰውየ ነው፤ "ኒንኪ" ሲባል ያኔ ያወቅነው፣ ካለፈ ነገር የምናስታውሰው። ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳቡና ምሳቸውን ሳይበሉ ሲጠይቁኝ ዋሉ። ሁለት ዓይነት አስተሳሰብ አለ ይሉ ነበር። አንዱ "ሰውየው" ለማለት አንድ ብቻ መሆን አለበት ይላል፤ ሌላው አንድ መሆኑ ሳይሆን ቀድሞ መታወቁ ነው ዋናው ይላል። "እናትሽ ‘ሰውየው’ ስትል የትኛው ነው?" አሉኝ። "ሁለቱም ነው" አልኳቸው። "ለእናቴ በዓለም ላይ ሌላ ሰውየ የለም።"

ከሁሉ በላይ ግን የጠቀመኝ አንድ ልማዳቸው ነው። "ሰው ቤት ሄዳችሁ ባለቤቱ ‘ባለቤቴ ታማብኛለች’ ቢላችሁ" አሉን አንድ ቀን፣ "‘ሚስት አለህ እንዴ? ማን አስገባት?’ አትሉም። ድምፅ ሳታሰሙ ቆርኪ ከኪሳችሁ ታወጣላችሁ፣ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ ከዚያ ‘እግዜር ይማራት’ ትላላችሁ። ተናጋሪው ሳያስተዋውቅ ያመጣውን ሰው አድማጭ በዝምታ ይቀበለዋል። መጻሕፍቱ ይህን በብዙ ቀመር ይጽፉታል። እኔ ጨዋነት እለዋለሁ።" የሚቀልዱ መስሎን ነበር። ሰው ሲነግራቸውም በተግባር እንዲሁ ነበሩ፤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያልገባቸውን ለኋላ ያቆዩታል እንጂ አያቋርጡም።

ተመርቄ አባቴ አገር ሐርጌሳ መጣሁ። አንድ ኮሌጅ ውስጥ ሥነ ፍቺ አስተማርኩ። ቆርኪ ይዤ ገባሁ፤ ተማሪዎቹ "መዓሊመዳ ቆርኪ"፣ የቆርኪ መምህርት፣ አሉኝ፤ በደስታ ነው የተቀበልኩት። በኋላ ዲኑ ጠራኝና ኮርሱ መሰረዙን ነገረኝ። "ወላሂ ፈቲያ፣ ወላጅ የሚከፍለው ልጁ ሥራ እንዲያገኝ ነው፤ ‘ግመሏ የት አለች’ የሚል ቢሮ የለም" አለኝ። በቦታው የቢዝነስ ደብዳቤ አጻጻፍ ገባ። እኔም የስደተኛ ጉዳይ የሚታይበት አንድ ቢሮ በተርጓሚነት ተቀጠርኩ። ደመወዙ ከኮሌጁ ይሻል ነበር። ከኢትዮጵያ የሚመጣው ሰው ኦሮምኛ ይናገራል፣ እኔ ወደ አማርኛ አመጣዋለሁ፣ ቃለ መጠይቅ አድራጊው ወደ እንግሊዝኛ ይጽፈዋል። አብዛኛውን ጊዜ ጠያቂው ዳዊት ነበር፤ ያኔ ገና ከአዲስ አበባ የመጣ፣ የተማረ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ።

ስለ ሙያው ልናገር። ተርጓሚ ቃል የሚያመላልስ ይመስላል፤ ድካሙ ግን ሰው መጠበቅ ነው። የፈራ ሰው ሲያወራ በቅደም ተከተል አያወራም። ወንድሙን ሳያስገባ "ሲመቱት" ይላል። ሁለት ወታደር ያስገባና "ወታደሩ" ብሎ ይቀጥላል። እኔ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ቆርኪ ይዤ እገባ ነበር፤ በጣቴ እየቆጠርኩ፣ አዲስ ሰው ሲመጣ አንዱን ወደ ሌላው ኪስ እያሻገርኩ። ግራ ሲገባኝ ፈቃድ ጠይቄ "የትኛው?" እላለሁ። በፊት የነበሩት አለቃ፣ አንዲት ሽማግሌ ሴት፣ ይህን ይወዱልኝ ነበር። "ፈቲያ ስትጠይቅ ዝም በሉ" ይሉ ነበር። እሳቸው ሲሄዱ ቦታቸውን የያዘው ዳዊት መመሪያ አመጣ። ተርጓሚ የተባለውን ብቻ ይላል፤ አይጠይቅም፣ አያብራራም፣ አይጨምርም። መመሪያው ሲነበብ ትክክል ይመስላል። እኔም ለወጣት ተርጓሚዎች አስተምሬዋለሁ።

ሙሚና የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ከሐረርጌ ገጠር የመጣች ቀጭን ሴት ናት፤ ሴት ልጅ አለቻት፣ ሃናን። ባሏ ሙክታር ቀድሟት ሐርጌሳ መጥቶ በግንባታ ሥራ ሲኖር፣ እነሱ ሳይመጡ ያመለከተው ጉዳይ ከደረሱ በኋላ ተቀባይነት አግኝቶ ብቻውን ባሕር ማዶ ተወስዷል። ሄዶም ሚስቴና ልጄ ይከተሉኝ ብሎ ጠይቋል። ከሙሚና የሚፈለገው ሚስቱ መሆኗን ማስረዳት ብቻ ነበር። ቀላል ጉዳይ ነው ብለን ነው የገባነው።

"እንዴት እንደመጣሽ ንገሪን" አላት ዳዊት። ተረጎምኩላት።

"ደላላው በድንበሩ ከተማ በውጫሌ በኩል አሻገረን" አለች። "ሌሊቱን ዝናብ ነበር፣ ልጄን አዝያታለሁ። ሰውየው እዚህ ሐርጌሳ፣ አያሃ ሰፈር ቤት ተከራይቶ ጠበቀን። ሰውየው ለልጄ ጫማ ገዝቶ ነበር፤ ጠበባት።"

በኪሴ አንድ ቆርኪ ነበር፣ ደላላው። ሁለተኛውን ድምፅ ሳላሰማ አሻገርኩ። እናቴን እየሰማሁ ነበርና አንድ ደቂቃም አልተጠራጠርኩም። ዳዊት ግን ብዕሩን አቆመ።

"ደላላው ነው ቤት የተከራየላት?"

"ፈቃድህ ከሆነ" አልኩ፣ ደንግጬ አንተ አልኩት፣ "ሰውየው የምትለው ባሏን ነው።"

"ባሌ ብላለች?"

"አላለችም፣ ግን..."

"እንግዲያው ያላለችውን አይጨምሩ፣ ወይዘሮ ፈቲያ።" ወደ ሙሚና ዞረ። "የባልሽ ስም ማን ነው?"

ተረጎምኩ። ሙሚና ጉልበቷን አየች። "የሃናን አባት ነው" አለች።

"የሃናን አባት ስሙ ማን ይባላል?"

የሻሿን ጫፍ ጠመዘዘች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ትምህርት ቤት ጸሐፊው ፊት ትከሻዬ ላይ ያረፈችው የእናቴ እጅ ነው። ተናገሪልኝ ማለቷ ነው። ስሙ ዳዊት ፊት ባለው ወረቀት ላይ በትልቁ ተጽፎ ይታየኛል፣ ሙክታር። እኔ አንድ ጊዜ ብናገረው እሷ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ነገሩ ያልቃል።

ፈቃድ ጠየቅኩ። ልማዱን በአማርኛ አስረዳሁት፤ የኔን እናት ሳይቀር አነሳሁለት። "ስሙን እኔ ልጥራው፣ ወይም እርስዎ ራስዎ ይጥሩት፣ ከሌሎች ሦስት አራት ስሞች ጋር ደባልቀው ይጥሩት፤ ትክክለኛው ላይ እሱ ነው ትላለች" አልኩት። ከዚህ በላይ ፍትሐዊ የሆነ ነገር ይኖራል?

"መልሱን እኛ እየሰጠናት ነው ማለት ነው" አለ። ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ ዳዊት ጮኾ አያውቅም። "ባሕር ማዶ ልትሄድ የምትፈልግ ሴት የባሏን ስም መናገር ካልቻለች፣ እዚያ ስትደርስ ማን ይናገርላታል?"

ይህን አይተርጉሙላት አለኝ። አልተረጎምኩላትም። ሙሚና ግን ከፊታችን ነገሩን አንብባለች። "ሰውየው እኮ ሰውየው ነው" አለች ቀስ ብላ፣ ለዳዊት ሳይሆን ለኔ። ጋሽ ወርቁ ለዓመታት ያስተማሩኝ ሁሉ እዚያች ንግግር ውስጥ ነበር። ስም ከውጭ ሆኖ ይጠቁማል፣ ማንም ሊጠቁምበት ይችላል። "ሰውየው" ግን ከውስጥ ነው፤ አብሮ የኖረ ካልሆነ አይጠቁምበትም። ከዚያ ክፍል ውስጥ ሙክታርን በትክክል ያወቀችው እሷ ብቻ ነበረች፤ ያላወቀችው ተብላ የተጻፈችውም እሷ ናት።

ሁለተኛ ቀጠሮ ተሰጣት። ያን ዕለት እኔም ተመድቤ ነበር። ተቀምጣ ገና ሳትጠየቅ የሻሿን ጫፍ አነሳች፣ አፏን በእጇ ሸፈነች፣ ዓይኗን ጨፈነች። "ሙክታር" አለች። ከእጇ ሥር የወጣው ድምፅ የሷ አይመስልም። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች፤ "አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ" እያለች። ምን እንደከፈለች የገባው ለኔ ብቻ ነው። ልጇን ይዛ ለመሄድ ስትል፣ የእናቷን የአያቷን ሁሉ አፍ የያዘውን ነገር ብቻዋን ጥሳ ነው የመጣችው።

ዳዊት ውሃ እንዲሰጣት አደረገ። እሷ ከወጣች በኋላ ብዕሩን ከድኖ "ባለፈው የማታውቀውን ስም ዛሬ ከየት አመጣችው?" አለኝ። "ሰው አስጠንቷታል።"

"ያወቀችውን ስም ነው የተናገረችው" አልኩት። "ያልተናገረችው ስለምታውቀው ነው።"

"ተርጓሚ አስተያየት የለውም፣ ወይዘሮ ፈቲያ። ይህን ያውቃሉ።"

ዝም አላልኩም። ከሱ በላይ ወዳሉት ሄድኩ፣ ተናገርኩ፣ በጽሑፍም አቀረብኩ። መመሪያው ተከብሯል የሚል መልስ መጣ። ግንኙነቱ አልተረጋገጠም ተብሎ የሙሚና ጉዳይ ተዘጋ። ይግባኝ ብላ ለቃለ መጠይቅ መጣች፣ ያኔ ሌላ ተርጓሚ መደቡባት፤ እኔ ወገንተኛ ተብዬ። ይግባኙም ውድቅ ሆነ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔ ነበር ብዬ እንዳለቅስ የሚጠብቅ አንባቢ ይኖራል። አላለቅስም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ኬኬን የቆረጠው እሱ ነው።

ጋሽ ወርቁ ያኔ ጡረታ ወጥተው አዲስ አበባ ነበሩ። ደውዬ ሁሉን ነገርኳቸው። እንደ ልማዳቸው ሳያቋርጡኝ ሰሙ። ሲያበቃ "ቆርኪውን አሻግረሽው ነበር?" አሉኝ።

"አሻግሬዋለሁ።"

"እንግዲያው ሰውየው አለ፣ ልጄ። አንቺ ተቀብለሽዋል።"

"ኪሴ ውስጥ ነው ያለው፣ ጋሽ ወርቁ" አልኳቸው። "የሚፈርመው ኪሴ አይደለም።" ድምፄ ከፍ አለ። እሳቸውን እንዲህ ተናግሬያቸው አላውቅም። ደግ አድማጭ ባለበት አገር የሚሠራ ትምህርት ነው ያስተማሩኝ፤ አድማጩ ክፉ ሲሆን ምን እንደሚደረግ የሚል ምዕራፍ አልነበረውም። "ይቅርታ አድርጊልኝ" አሉኝ፣ እሳቸው ምን አጥፍተው? ብዙ ሳይቆይ አረፉ። ከኮታቸው ኪስ ቆርኪውን ያወጣው ማን ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

እኔ እዚያው ቢሮ ቀረሁ። የቤት ኪራይ አለብኝ፣ ዕድሜዬ ሄዷል፣ የት እሄዳለሁ? ከዳዊት ጎን ተቀምጬ የተባለውን ብቻ እያልኩ ጡረታዬ ደረሰ። አሁን በኔ ወንበር ፊት ስልክ አስቀምጠዋል፤ ሰው ይናገራል፣ ስልኩ በእንግሊዝኛ ይመልሳል። አንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጬ እንድፈትሸው ጠየቁኝ። ስልኩ ይጨምራል። ማን እንደሆነ ካልገባው አይጠይቅም፣ ከመጣለት አንዱን ይመርጥና በድፍረት ይናገራል። ይህን ለዳዊት ስነግረው "እየተሻሻለ ይሄዳል" አለኝ። ለኔ የተከለከለው ለስልክ ተፈቀደ ማለት ነው። በበነጋታው ኬክ ተቆረጠልኝ።

ከጡረታ በኋላ የኮድቡር ኪራይ ከበደኝና አያሃ ርካሽ ቤት ልፈልግ በባጃጅ ሄድኩ። ቤቱን ሳላገኝ ሙሚናን አገኘኋት። በአንድ ግቢ በር ላይ ሦስት ሳፋ ደርድራ የሰው ልብስ ታጥባለች። ወፍራለች፣ ፀሐይ አጥቁሯታል። እኔ ሳላውቃት እሷ አወቀችኝ።

"እህቴ፣ አንቺ ነሽ?" አለችኝ በኦሮምኛ። እጇ ሳሙና ስለነበር ክንዷን ነው የሰጠችኝ። ትንሽ በርጩማ አቀረበችልኝ። ቅሬታ የሚመስል ነገር ፊቷ ላይ ፈለግኩ፤ አላገኘሁም፣ ይህም ባሰብኝ።

"ሃናን እንዴት ናት?"

"አደገች፣ አልሃምዱሊላህ። ትማራለች። ሶማሊኛው ከኔ ይልቅ እሷን ይቀናታል።"

ብዙ ወሬ አወራን፤ ስለ ውሃው፣ ስለ አቧራው፣ ስለ እጥበት ዋጋ መርከስ። ልሄድ ስነሳ ጨዋነት ነውና መጠየቅ ነበረብኝ። እናቴ እንደምትለው፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ሴት ለሴት እንደሚባለው ጠየቅኳት።

"ሰውየውስ? ደህና ነው?"

የያዘችውን ሸሚዝ ጨመቀችው። ውሃው ሳፋው ውስጥ ወረደ።

"ሙክታር?" አለች። "ሙክታር ደህና ነው። እዚያው አግብቷል አሉ። ልጅም ወልዷል፣ ሙክታር።"

በሩ ክፍት ነው፣ ሰው ያልፋል፣ ድምፅዋን አልቀነሰችም። ሸሚዙን አራግፋ ገመዱ ላይ አሰጣችው፤ እጇን ወደ አፏ አላነሳችም።